የሸጌ ዋስ

ሰሃላ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017

ይድረስ ለእህቴ ለያስሚን ዓብዱልቃድር፣ ሰቆጣ

እንዴት ሰነበትሽልኝ? አባትሽ፣ ወንድምሽ ዓብዱረሕማን፣ ሱቁ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ለደብዳቤ ወግ ነው እንጂ ብስጭት ሊገድለኝ ነው።

ደብዳቤሽን ነጋዴው ሰማኸኝ ከጨው ጭነቱ ጋር አድርሶልኛል። ሰውዬው ገበያ በዋለ ቁጥር ሰቆጣ ደርሶ ስለሚመለስ ከእንግዲህ በእሱ ላኪልኝ። ለጠየቅሽኝ ሁሉ ይኸው መልሴ። አዎ፣ ጠቅልዬ ቤቴ ገብቻለሁ፤ የሰቆጣውን የክራይ ቤትም ለቅቄያለሁ። ኔት የሚባል ነገር የለም። «ኮረብታ ላይ ብትወጪስ?» ላልሽው፣ ወጥቼ አይቻለሁ፣ ያገኘሁት ዝንጀሮ ብቻ ነው። ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ ስዞር ያየችኝ ጎረቤታችን እትዬ አገኘሁሽ ለእናቴ «ይቺን ልጅ ጠበል ብትወስጃት» ብላታለች።

ቃልሽን ረሳሽው ወይ ላልሽኝ ግን ተቀይሜሻለሁ። እንዴት እረሳለሁ? የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አራታችን በስልክ በምንጫወተው ጌም ውስጥ እሳቱን ከብበን፣ አንቺ ከሱቅሽ፣ አምሳለ ከወልድያ፣ ካሤ ከአምደወርቅ፣ እኔ ከክራይ ቤቴ፣ «ለአዲሱ ዓመት ምን አሰባችሁ» ስንባባል፣ ያ ካሤ የሚሉት ለፍላፊ «ቃል ያለ ዋስ ነፋስ ነው፤ ሁሉም ዋሱን ይጥራ» አለ። የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ እንጂ ወሬው ሁሉ የሽማግሌ ነው። እኔም አንቺን ጠራሁ። «ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ለሦስተኛ ጊዜ እቀመጣለሁ፤ ሒሳብ ሲመጣ እንዳለፉት ሁለት ዓመታት በመሀል ጥዬ አልወጣም፣ ደወል እስኪደወል እቀመጣለሁ» አልሁ። ቃሌ ቢፈርስ ዋሴ የጌም ካራክተሯን ታጠፋለች ተባለ። አንቺም ቅንጣት ሳታስቢ «ዘሃራን አስይዣለሁ» አልሽ። አራት ዓመት ያሳደግሻትን ፈዋሽ! አንቺ እብድ! ባልዋስሽ ብትይ ማን ያስገድድሽ ነበር?

ደግሞ የአንቺ ተራ ሲደርስ ኔቱ ተቋረጠ። የአንቺ ቃል ምን ነበር? አሁንም አልነገርሽኝም።

የእኔ ካራክተር አይበገሬ ብቻውን ቆሞ እንዳይቀር አምሳለ ታንቀሳቅሰው። ጋሻ ጃግሬዬን ያለ ጋሻ ስታስኬደው አይቻት ነበር፣ ጋሻውን አስይዢልኝ።

እህትሽ ሸጌ ትእዛዙ


ሰቆጣ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017

ሸጊዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ ልጀምር፤ አንቺም እንደ ወትሮሽ ድምፅሽን አወፍረሽ «ወዓለይኩም» በዪኝ። ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እናትሽንና አባ ትእዛዙን ሳሚልኝ።

የጌማችን አራተኛው በር ተሰበረ! አንቺ በሌለሽበት በመሰበሩ አልቅሻለሁ፣ በመሰበሩ ደግሞ ጨፍሬያለሁ። ካሤ እንደ ልማዱ «ቆይ» ሳንለው ብቻውን ዘሎ ገባ። «አንተ ቀዥቃዣ፣ ተመለስ!» እያልሁት እሱ እየፎከረ ይሄዳል። አምሳለ በመጥረቢያዋ በሩን ትፈልጣለች፤ በቀኝ ትንዳው በግራ የጠፋት አይበገሬሽም መሀል ላይ ይዞራል። እኔ ከጣቃው ጨርቅ ክምር ጀርባ ተደብቄ ሦስቱንም አክማለሁ። የካሤ ትንፋሽ አንዲት ጭረት ስትቀረው ገበያ መዋሉን፣ ሱቅ ውስጥ መሆኔንም ረስቼ «ወይኔ ሊሞትብኝ ነው!» ብዬ ጮህሁ። ለካስ አንዲት ባልቴት ነጠላ ሊገዙ ገብተው ቆመዋል። አባዬ የሞተ መስሏቸው ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ ሱቁ በር ላይ የራሱን ልቅሶ አገኘ።

ምን አልሽው ትይኛለሽ። ድመቷ ልትሞት ነው አልሁት። ድመት የለንም።

ቃልሽ ምን ነበር ላልሽው ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ። ነገሩስ ትንሽ ነው፣ ለእኔ ግን ተራራ ሆኖብኛል።

የሒሳብ መጽሐፉን ልኬልሻለሁ። በውስጡ ያሉት ወረቀቶች ሦስታችን ተከፋፍለን የሠራንልሽ ጥያቄዎች ናቸው። የካሤን ድርሻ ሰው ይዞልኝ መጣ፤ የእጅ ጽሑፉን ብታዪው የድሮ የቁም ጸሐፊ ይመስላል። ሒሳብ ያስተማረሽ መምህር ደንቆሮ ነሽ ካለሽ ደንቆሮው እሱ ነው። አራተኛውን በር አምስት ጊዜ ሞተን ነው የገባነው፤ አንቺ ገና ሁለቴ ነው የወደቅሽው።

ዋስሽ ያስሚን


ሰሃላ፣ ጥር 20 ቀን 2017

ይድረስ ለውድ እህቴ ለያስሚን

ጥምቀት እንዴት አለፈ አልሽኝ? ደህና አለፈ። ከጥምቀት ይልቅ ያስደሰተኝ ደብዳቤሽ ነው። አምስተኛው በር ላይ እንዴት እንደተደበደባችሁ ሳነብ እናቴ ፊት ብቻዬን ሣቅሁ። እናቴ በኽምጣና ቋንቋ የሆነ ነገር ብላኝ ወጣች፤ ምርቃት አልነበረም።

አሁን ስሚኝ። አምስተኛው በር በፊት ለፊት አይሰበርም። ሁለት ጊዜ የነገርሽኝን ይዤ አመድ ላይ ሣልሁት። ጠባቂው ሲዞር ጀርባው የሚጋለጠው በግራ በኩል ነው። ካሤን በግራ አቁሙት፤ እግሩን እሰሩት ባይሆን! አይበገሬ መሀል ይቁም፣ አንቺ ከእሱ ኋላ። አምሳለ መጥረቢያዋን አታንሳ እስክትባል ድረስ። ካሤ አልሰማም ካለ ሸጌ ከሰሃላ ድንጋይ ትወረውርብሃለች በዪው።

እዚህ ሆኜ እንኳ አብሬያችሁ የተጫወትሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ። ውኃ ስቀዳ፣ ከብት ስመልስ በሩን እያሰብሁ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ ጨዋታ ያምረዋል፣ ጓደኛ ሲኖረው ግን ጨዋታው ቢቀርም ጨዋታ ላይ ነው።

የፈተናውን ምዝገባ በስሜ በኢንተርኔት ስለጨረስሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከጥያቄዎቹ አብዛኛውን ሠራሁ። ያልገባኝን ምልክት አድርጌ መልሻለሁ። ያቺ የካሤ አሠራር በጣም ገብታኛለች፤ ከሰውየው አፍ ይልቅ እጁ ይሻላል በይልኝ።

ሸጌ


ሰቆጣ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017

ሸጊዬ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ተቀይሜሻለሁና። አምስተኛው በር አንቺ እንዳልሽው በግራ ተሰበረ ብዬ ጽፌልሽ «ጎሽ» ብቻ ብለሽ መለስሽ። ስለ ጥያቄዎቹ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ዝናቡ ነገርሽኝ። አባ ትእዛዙ እንዴት ናቸው ብዬ ሁለቴ ጠየቅሁሽ፣ ሁለቴም ዘለልሽው። አንቺ ነገር ስትደብቂ ስለ ዝናብ ታወሪያለሽ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቅሻለሁ።

ፈተናው በሰኔ መጨረሻ ወልድያ ነው፤ ጥሪው ወጥቷል። ሰማኸኝ ይህን ሰጥቶሽ ሲመለስ የእውነቱን ጽፈሽ ስጪው። አለዚያ ደብዳቤ ቢይዝም አልቀበለውም ብዬዋለሁ።

ያስሚን


ሰሃላ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017

ይድረስ ለእህቴ ለያስሚን

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። አባቴ ደህና አይደለም።

በሚያዝያ መጨረሻ ከብቶቹን ከገደሉ አፋፍ ሲመልስ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ገጥሟል ይላሉ፣ ግን አልቆመበትም። አልነገርሁሽም፤ ብነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ነው። ማሽላውን ጎረቤቶቻችን በወንፈል ዘሩልን። አሁንም ለአረሙ በወንፈል እንገባላችኋለን ብለውናል። አንቺ የከተማ ልጅ ነሽና ወንፈል እንደ ደቦ አይምሰልሽ። እዚህ አገር ወንፈል የሰው ብድር ነው። ዛሬ አራት ሰው በማሳዬ ቢውል እኔ በእያንዳንዱ ማሳ አንዳንድ ቀን ውዬ እመልሳለሁ፣ ያውም አረሙ ሳያልፍበት። ወንድሜ ዓረብ አገር ነው። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፣ ማሽላውን ከአረሙ አትለይም። ብድሩን የሚመልስ እጅ ከቤታችን የእኔ ብቻ ነው። ብድሩ የሚመለሰው ደግሞ ልክ በፈተናው ሳምንት ነው።

እኔ ከሄድሁ የቤታችን ስም ይጠፋል፤ ለከርሞ ማንም ማሳችንን አይረግጥም። ሳይታረም ከቀረ ደግሞ ዓመቱን የምንበላው የለም። አምርሬ አስቤበታለሁ፣ አልቅሼበታለሁም። አልቀመጥም።

ቃሌ ፈረሰ፣ ያስሚንዬ። ይቅር በይኝ። ዘሃራን አጥፊያት። እኔም ስትጠፋ ባላየሁ እያልሁ ነው፤ ሰው የሞተብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ወረቀቶቹን በሰማኸኝ መልሻለሁ፣ ለሌላ ተፈታኝ ስጡ።

ሸጌ


ሰቆጣ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017

ሸጌ፣

እምቢ።

ዘሃራን አላጠፋም፤ ወረቀቶቹንም መልሼ ልኬያለሁ። ያስቀረሁብሽ የለም።

አባዬን «አንድ ሰው የተዋሰለት ሰው ቢጠፋ ዋሱ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «መጀመሪያ ሄዶ ፈልጎ ያመጣዋል፤ ሲያጣው ነው የሚከፍለው» አለኝ። እኔ ገና አልፈለግሁሽም። ያለሽበትንም አውቃለሁ። የምከፍልበት ምክንያት የለም።

ወንፈሉ እጅ ነው የሚፈልገው አልሽ። እጅ አልሽ እንጂ የሸጌ እጅ ብቻ ነው የሚቆጠረው አላልሽም። እኔ፣ ካሤና አምሳለ ተነጋግረናል፤ ወንድሜም አብሮን ይመጣል። ሰኔ 25 ከሰቆጣ እንነሳለን። አረም ታውቂያለሽ ወይ እንዳትዪኝ፣ አላውቅም። ፈዋሽ መሆንም አላውቅም ነበር።

አንቺ የተፈታኞች መኪና ሲመጣ ተሳፈሪ። እኛን ቆመሽ እንዳትጠብቂ።

ዋስሽ


ሰሃላ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017

ያስሚንዬ፣

ይህን እናቴ ትሰጥሻለች። እሷ ከሰጠችሽ እኔ ሄጃለሁ ማለት ነው።

ትናንት ሙሉ ቀን «አትምጡ» የሚል ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድድ ዋልሁ። ቤታችን ጠባብ ነው፣ የከተማ ሰው የሚተኛበት የለም፣ የማታውቋቸው ሰዎች ማሳ ውስጥ በእኔ ምክንያት ልትንገላቱ ነው፤ አፈርሁ። አባቴ ከተኛበት «ምንድን ነው የምትቀድጂው?» አለኝ። ነገርሁት። «ሊሠራ የመጣን ሰው ከደጅ የሚመልስ ቤት ሆነናል?» ብሎ ተቆጣ። እናቴም ስንቄን ማሰር ጀመረች። እኔ ቃል ሳልናገር ተወሰነ።

የተፈታኞች መኪና ነገ ጠዋት ከወረዳው በቀጥታ ወልድያ ይሄዳል። ማሽላው ቅጠሉ ሰፋ ያለው ነው። ሥሩ ቀላ የሚለውን ነቅላችሁ ጣሉ፤ ስትጠራጠሩ እትዬ አገኘሁሽን ጠይቁ። ምላሷ ክፉ ነው፣ ልቧ ግን ደህና ነው።

ፈርቻለሁ። ግን እሄዳለሁ።

ሸጌ


ሰሃላ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017

ሸጊዬ፣

ይህን ስታነቢ ፈተናው አልቋል። ስልክም ሰውም ወደ ፈተናው ግቢ ስለማያስገቡ አምሳለ ዛሬ ተነስታ ሄዳ በር ላይ ይዛው ትጠብቅሻለች። አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ልጅ ፈልጊ። አዎ፣ ያቺ ግንድ የምታህል ባለመጥረቢያ ጦረኛ እሷ ናት! እኔም አላምንም አልሁ።

እሷስ ምን አላት። ካሤን ስሚ። ሰቆጣ መናኸሪያ ቆመን ሸበቶ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ ሰውዬ መጡና «ዘሃራ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ልጃቸው ልኳቸው ይሆናል ብዬ «ካሤ የታለ?» አልኋቸው። «እኔ ነኛ» አሉ። ሸጊ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ዓመት ሙሉ «አንተ ቀዥቃዣ»፣ «አንተ ፈሪ»፣ «ዝም በል» ያልናቸው የስልሳ ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ያስተማሩትም ሒሳብ። ከዚያ ሁሉ በላይ ቡድናችንን በልጃገረዶቹ በዓል «ሻደይ» ብለን ሰይመን ከልጃገረድ ጨዋታ ውስጥ አስገብተናቸዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል «ተይ፣ ልጆቼ ተጠንቅቀው ነው የሚያናግሩኝ፤ የሚሰድበኝ ሰው ናፍቆኝ ነው የምገባው» አሉ። አሁን ጋሽ ካሤ እንላቸዋለን፤ እሳቸው ግን ተቀይመዋል።

ጎረቤቶችሽ ሲያዩን ሣቁ። እትዬ አገኘሁሽ እጄን ገልብጣ አየችና «ሁለት የከተማ ልጅ በአንድ ሸጌ ይቆጠራል» ብላ ፈረደች። አምሳለ በመጀመሪያው ቀን ረድፍ ሙሉ ማሽላ ነቅላ አረሙን አሳምራ ስለተወችው ፍርዱ ጸደቀ። ጋሽ ካሤ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ከአባትሽ ጋር ተቀምጠው ስለ እኛ ተከራከሩ። በሦስተኛው ቀን ሦስት በሁለት፣ ትናንት ደግሞ አንድ በአንድ ተደረግን። ሸጊ፣ አንድ በአንድ! አምስተኛው በር ሲሰበር እንኳ እንደዚህ አልጮህሁም። እጄ ተልጧል፣ ወገቤ የእኔ አይደለም፤ ግን ደስ ብሎኛል።

የሰኔ ጾም በመሆኑ በምግብ ተገላግለናል። ሥጋው የማን ነው የሚል ጣጣ የለም፤ ከእናትሽ ጋር ሽሮ በአንድ ገበታ እየበላን ነው።

አንድ ነገር ደብቀንሽ ነበር። በሄድሽ በማግሥቱ ጎርፍ የታችኛውን እርከን ንዶ ከማሽላው ጠርዝ ላይ ወሰደ። እናትሽ ሰው ልካ ልታስመልስሽ ተነሳች። ጋሽ ካሤ በሩ ላይ ቆመው «ልጅቷ በር እየሰበረች ነው፤ የሚጠራት የለም» አሉ። እናትሽ አልገባትም፣ ግን ተመለሰች። እርከኑን ወንድሜና የሰፈሩ ወንዶች መልሰው ካቡት። የተወሰደው ትንሽ ነው። አባ ትእዛዙም በምርኩዝ እስከ ደጅ ወጥተዋል።

የእኔን ቃል ልንገርሽ። «ዘንድሮ ጌም እንደምጫወት ለአባዬ እነግራለሁ» ነበር። አትሣቂ። አራት ዓመት ከጣቃ ጀርባ ተደብቄያለሁ። ሰሃላ ልሂድ ስለው «ከማን ጋር? የት አወቅሻቸው?» አለኝ፤ መውጫ አልነበረኝምና ሁሉንም ዘረገፍሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ፈዋሽ ነሽ ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልሁት። «ገበያ በዋለ ቁጥር ደንበኛዬን የምታባርሪው ሰው እያዳንሽ ነዋ!» አለና ወደ ሶላቱ ሄደ። ሲመለስ ለአባትሽ ጋቢ ቆርጦ ሰጠኝ። «ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትግቢ» አለ። ይኸው ይህን ያህል ነው የፈራሁት።

ሐምሌ 7 እንጨርሳለን። ሒሳቡ እንዴት ነበር ብዬ አልጠይቅሽም። ተቀምጠሽ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።

ያስሚን


ሰሃላ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017

ይድረስ ለውድ እህቴ ለያስሚን ዓብዱልቃድር፣ ሰቆጣ

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ስመለስ መኪናው ሰቆጣን ሲያልፍ ሱቅሽን በመስኮት አየሁት። ሹፌሩን አንዴ አቁምልኝ ብለው «ለሁሉም አንዴ ካቆምሁ መቼ እንደርሳለን» አለኝ። መስኮቱን እየደበደብሁ አለፍሁሽ።

ሒሳቡ በሁለተኛው ቀን ነበር። ወረቀቱን ስገልጠው ያው እንደ ድሮው ላብ አጠመቀኝ፣ ፊደሉ ሁሉ ተደባለቀብኝ። በሩን አየሁት፤ ቅርብ ነበር። ልነሳ ስል ይህን ሰዓት ያስሚን በእኔ ፈንታ በእትዬ አገኘሁሽ ማሳ ጎንበስ ብላለች አልሁ። እኔ ከወጣሁ እሷ በከንቱ ነው ያጎነበሰችው። ተቀመጥሁ። የጋሽ ካሤን አሠራር ከመጀመሪያው ጀምሬ ለራሴ ነገርሁት። የማውቀውን ሠራሁ፣ የማላውቀውንም ታገልሁት። አጠገቤ የነበረው ልጅ ወጣ፣ ከፊቴ ያለችውም ወጣች። እኔ ተቀምጫለሁ። ደወሉ ተደውሎ እንኳ አልሰማሁም፤ ፈታኙ መጥቶ «በቃ እህቴ፣ ልቀቂ» ብሎ ወረቀቱን ከእጄ ጎትቶ ወሰደው። እንዲያ ሲጎትትብኝ ሣቄ መጣ። ሰውዬው ያበድሁ መስሎታል።

ውጪ አምሳለን ሳገኛት ደብዳቤሽን ሳልከፍት አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስሁ። መነጽሯን ሰበርሁባት።

ቤት በገባሁ በማግሥቱ ዶማዬን ይዤ እትዬ አገኘሁሽ ማሳ ሄድሁ። የቀረብኝ ካለ ልጨርስ ብዬ ነው። «ሂጂ ወዲያ! የአንቺ ወንፈል አልቆ ተርፏል፤ አሁን ባለዕዳዋ እኔ ነኝ» አለችኝ። ያቺ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ አንድ ቀን ትርፍ ውላልኛለች ትላለች። ሰቆጣ ማሽላ የላችሁምና ለእንቁጣጣሽ ገበያ መጥታ ሱቅሽ ውስጥ ጣቃ ስታጥፍ ልትውል ቆርጣለች። አትሣቂ፣ ትመጣለች። ደንበኛ እንዳትሳደብብሽ ብቻ ጠብቂያት።

አባቴ ጋቢውን ለብሶ ደጅ ተቀምጧል። አላወልቅም ብሏል።

ከዛሬ ጀምሮ ከዋስነት ወርደሻል፤ ጋሽ ካሤም ይመስክሩ። ዘሃራም በሰላም ትኑርልሽ። ውጤቱ ለመስከረም ነው ይላሉ። ባልፍ እልል በይልኝ። ብወድቅም እንደገና እፈተናለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ዋስ ጥሪ እንዳትሉኝ። አሁን መቀመጥ እችላለሁ።

ሸጌ ትእዛዙ